ኮፈኑን ካስቆረጥኩ ዘጠኝ ወር

ባለፈው ሚያዝያ የፊያት 124 ስፓይደሬን ኮፈን የሞተሩ ሙቀት መተንፈሻ እንዲኖረው ብዬ ኮምቦልቻ ላይ አስቆረጥኩ። አሁን ጥር ነው። መኪናዋ ክረምቱንም በጋውንም አይታለች፤ ስለዚህ ሳላጋንን መናገር እችላለሁ።

መኪናዋን ለማታውቁ፦ በ1966 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ለዕይታ የቀረበች፣ ፒኒንፋሪና የነደፋት ክፍት መኪና ናት። አዲስ አበባ ላይ ስንሳፈርበት የኖርነው ላዳ ታክሲም ከፊያት 124 የቤት መኪና የተወለደ ነው። እንግዲህ የአክስት ልጆች በሏቸው። የኔዋን አጎቴ አስመራ ሲሠራ ነው የገዛት፤ 1438 ሲሲ ሞተር፣ ዌበር ካርቡራተር። ኋላ የወጡት ስፓይደሮች ሞተራቸው ሲያድግ ኮፈናቸው ላይ ሁለት ጉብታ ወጣባቸው። የኔዋ ልሙጥ ነበረች።

ችግሩ የሐረጎ ዳገት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ትወጣለህ። ከፊትህ የተጫነ አይሱዙ ይንፏቀቃል፣ አንተ በሁለተኛ ማርሽ ትከተላለህ፣ ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ደሴ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ትንሽ ከላላ አለቀልህ። ከዚህ ሁሉ የሚያበሽቀው ግን ሌላ ነው። ደሴ ፒያሳ ደርሰህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ አልነሳም ትላለች። የሞተሩ ሙቀት መውጫ አጥቶ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አፍልቶታል። ወይ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ወይ ታስገፋለህ። «ስፖርት የሚሏት ሰውን ስለምታሠራ ነው?» ያለኝን ጎረምሳ እስካሁን አልረሳሁትም።

መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ቀላል ዘዴ አለኝ ብሎ የኮፈኑን የኋላ ጠርዝ ከፍ አድርጎ አሰረልኝ። ሙቀቱ በመስታወቱ ሥር ይወጣል ተባለ። ተገላቢጦሽ ሆነ። መኪና ሲሄድ ነፋሱ መስታወቱ ሥር ይታመቃል፤ እዚያ ጋ አየር ይገባል እንጂ አይወጣም። የሞተሩ ሽታ በሙሉ ፊታችን ላይ። ባለቤቴ ሐርቡ ስንደርስ «እኔ በሚኒባስ እመለሳለሁ» ብላ ወረደች።

ከዚያ ነው ሰዎች ወደ አንድ አሮጌ ባትላሜራ የመሩኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳብሰው፣ በጣታቸው አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ላሜራ መቁረጥ ቀላል ነው። የተቆረጠው ግን አይበቅልም» አሉኝ። ሌላ ኮፈን ከየት እንደማመጣ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሥራው የተጀመረው በመቁረጫ ሳይሆን በክር ነው። ነፋሱ ኮፈኑ ላይ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት እናቴ የፈተለችውን ማግ ጣት ጣት የሚያህል ቆራርጠን፣ በፕላስተር ኮፈኑ ላይ ለጥፈን፣ ወደ ሐርቡ ነዳን። ሰው ሁሉ የሙሽራ መኪና መስሎት እልል አለልን። ከፊት ያሉት ክሮች ላሜራው ላይ ተኝተው ወደ ኋላ ተሳቡ። መስታወቱ ሥር ያሉት ግን ተነሥተው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጋሼ በጠመኔ አሰመሩ፤ ከመሥመሩ በኋላ አንድም ቀዳዳ አይኖርም አሉ።

ከወይራ እንጨት ቅርጽ አወጡ። ላሜራውን በቀጭኑ ሰነጠቁና ቅርጹ ላይ በመዶሻ ቀስ እያሉ አንድ በአንድ አነሡት። በሁለት ረድፍ 16 የዓሣ ስንጥብ የመሰሉ መተንፈሻዎች ወጡ፤ አፋቸው ወደ ኋላ ነው። ከኮፈኑ ሥር ያለውን አጥንት አልነኩም፤ እሱ ከተቆረጠ ኮፈኑ ይርገበገባል። ከቀለም በፊት የሚቀባው ስቱኮ ከወረቀት አይወፍርም ነበር። አምስት ቀን ፈጀ። ዋጋው አዲስ ራዲያተር ከሚያስወጣኝ ያንሳል።

ውጤቱ? እየነዳሁ የሙቀት መርፌው ላይ ያየሁት ለውጥ ትንሽ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ዳገት ላይ የጠቀመኝ ራዲያተሩን ማሳጠቤ ይመስለኛል። በአሥር ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ የትኛው ነፋስ ሙቀቱን ስቦ ያወጣዋል? የተከፈለኝ ስቆም ነው። ሞተር አጥፍቼ ኮፈኑ ላይ እጄን ሳስቀምጥ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ሽቅብ ይወጣል። ቡናዬን እስከ በረካ ጠጥቼ እመለሳለሁ፤ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሣለች። ከሚያዝያ ወዲህ ፒያሳ ላይ አንድም ቀን አላስገፋሁም።

ሐምሌ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ኮፈኑ ወደ ፊት ያዘቀዝቃል፣ የመተንፈሻዎቹ አፍ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ መኪናዋ በቆመችበት ዝናቡ ከላይ እየወረደ ቀጥ ብሎ አፋቸው ውስጥ ይገባል። ይህን እኔም ጋሼም አላሰብነውም። የደሴን የሐምሌ ዝናብ ታውቁታላችሁ። የካንዴላ ገመዶቹ ርሰው በሦስት ሲሊንደር እየተንተፋተፈች ቤት ገባች። ጋሼ ሳያስከፍሉኝ ከሥር በብሎን የሚታሰር የላሜራ ቦይ ሠሩላት፤ ውሃውን ወደ ጎን ያፈሳል። በበጋ ይፈታል፣ ምክንያቱም ሙቀቱንም ያግዳል።

ሁለት ነገር ልጨምር። መስከረም ላይ የአንዱ መተንፈሻ ጫፍ ስንጥቅ አወጣ። ጋሼ ስንጥቁ ያቆመበት ላይ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ በሱ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄደም። የመተንፈሻዎቹ ከንፈር ውስጥ ጠርዝም ቀለም በደንብ ስለማይደርሰው ዝገት ይጀምረዋል፤ በብሩሽ ግሪስ እቀባዋለሁ።

ድጋሚ አስቆርጣለሁ ወይ? ትርፍ ኮፈን ቢኖረኝ ዛሬውኑ። በዚችው በአንዷ ከሆነ ግን መጀመሪያ ራዲያተሩን አሳጥቤ አንድ በጋ እጠብቅ ነበር።

ቦዩ ቢኖርም ሳቆማት ሸራ አለብሳታለሁ። ፒያሳ ላይ ያሉት ሊስትሮዎች ሸራው ከመቀመጫው ጀርባ እንዳለ ያውቃሉ። አሁን ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ካዩ እኔን ሳይጠብቁ ያለብሷታል።