በሃርድ ዲስክ የሚሸጠውን የድራም ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ድራም የምትጫወቱ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኔ 8,500 ብር ከፍዬ የተረፈኝ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው።

የምኖረው ቦሳ ኪቶ በኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። አከራዬ ከመሸ በኋላ እንኳን ድራም የቡና ሙቀጫ ድምፅም አይወዱም፤ ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ የምለማመድበት ኤሌክትሮኒክ ድራም ገዛሁ። የሞጁሉ (ምቱን ወደ ድምፅ የሚቀይረው የድራሙ ሳጥን) የራሱ ድምፅ ግን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ድምፁን ከኮምፒውተር ላውጣ ብዬ ሶፍትዌር ፍለጋ ጀመርኩ። በዶላር የምከፍልበት ካርድ ስለሌለኝ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ገባሁ።

«ወንድሜ፣ ሱፐሪየር ድራመር 3 ሙሉው ከነፈቃዱ አለ። የሀገራችንን ከበሮም ጨምሬልሃለሁ» አለኝ ሻጩ። በማውሱ ስኔሩን (ጥርት ብሎ የሚጮኸውን ድራም) ጠቅ ሲያደርገው ሱቁ ተንቀጠቀጠ። ብሩን በቴሌብር ላክሁለት፤ ሶፍትዌሩን በሃርድ ዲስክ ሰጠኝ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ቤት ገብቼ መጫኛ መመሪያውን ስከፍት የመጀመሪያው መስመር «ፀረ ቫይረሱን አጥፋ፣ ኢንተርኔቱን አቋርጥ» ይላል። እዚያው መንቃት ነበረብኝ። ጫንኩት። የማኅደሩን መጠን ያየሁት ከሳምንት በኋላ ነው፤ 14 ጊጋባይት። ቤልጂየም በሚገኘው ጋላክሲ ስቱዲዮ በድምፅ መሐንዲሱ ጆርጅ ማሰንበርግ የተቀዳው የሱፐሪየር ድራመር 3 ዋና የድምፅ ክምችት 230 ጊጋባይት ገደማ ነው። የኩንታል ቡና ዋጋ ከፍሎ ስድስት ኪሎ ተሸክሞ እንደ መመለስ ቁጠሩት።

የጎደለው ምን እንደሆነ እጄ ነገረኝ። ፓድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ድራሙን መምቻ ገጽ፣ ስንመታ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ድምፅ አይደለም፤ የትኛው ፓድ እንደተመታና ኃይሉ ከ1 እስከ 127 ስንት እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ደህና ሶፍትዌር ለየኃይሉ ደረጃ ብዙ የተቀዱ ድምፆች (ቅጂዎች) አሉት፤ በአንድ ኃይል ደጋግመን ብንመታም ቅጂዎቹን ያፈራርቃል። የእኔው ለስኔሩ የነበረው ሁለት ቅጂ ብቻ ነው፤ አንዱ ሹክሹክታ፣ አንዱ ጩኸት። ሮል (ፈጣን ተከታታይ ምት) ስመታበት መትረየስ ሆነ። የባሰው ችክችካ ላይ ነበር። ቀኝ እጅ ሃይ-ሃቱን (በፔዳል የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ጥንድ ሳህን) ሲያስኬድ ግራ እጅ ስኔሩን በጣት ጫፍ እንደሚነካው ያህል የሚነካካባቸው ትንንሽ ምቶች አሉ፤ ዘፈኑን የሚያስጨፍሩት እነሱ ናቸው። ግማሾቹ ጠፉ፣ ግማሾቹ ጮኹ። የባስ ጊታር ተጫዋቻችን ዘወር ብሎ «ምነው፣ ሚስማር እየመታህ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሃይ-ሃቱም እንዲሁ ነው። ፔዳሉን ቀስ ብዬ ስለቅ ድምፁ በዝግታ መከፈት ሲገባው ንፋስ እንደመታው በር በአንድ ጊዜ ይበረገዳል። «ከበሮ» የተባለውን ደግሞ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር፤ ተራ የድራም ስብስብ ውስጥ ያለው ቶም ነው፣ ድምፁ ወፈር ተደርጎ።

ይዤው ተመለስኩ። «ወንድም ዓለም፣ ሶፍትዌር ተገዝቶ አይመለስም። ድምፁ የሚዘገየውም ኮምፒውተርህ ደካማ ስለሆነ ነው» ብሎ ራም ሊሸጥልኝ ሞከረ! ፓዱን ስመታ ድምፁ ዘግይቶ መምጣቱ እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ራም አልነበረም። የድምፅ ማቆያው፣ ማለትም በፈር የሚባለው፣ 1,024 ናሙና (የድምፅ ቁራጭ) ላይ ተቀምጦ ነበር። በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲሄድ ይህ ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል። 128 ላይ ሳወርደው ወደ 3 ሚሊሰከንድ ወረደ። ያለ አንድ ሳንቲም።

ከሁሉ ያናደደኝን ልንገራችሁ። ከ8,500 ብሩ ውስጥ 1,500ው ለሁለተኛ ፕሮግራም የተከፈለ ነው። ስሙ ኤምቲ ፓወር ድራም ኪት 2 ነው፤ አዘጋጁ በነፃ የሚያድለው! ስቲቨን ስሌት ድራምስ 5ም ነፃ ቅጂ አለው። በእነዚህ ጀምሩ፤ ከአዘጋጆቹ ድረ ገጽ በቀጥታ አውርዱ።

የግድ ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ሞጁላችሁን፣ አንድ ፓድ፣ የሃይ-ሃት ፔዳሉንና የዩኤስቢ ገመዱን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በማውስ ጠቅ ሲያደርግ አትስሙት፤ ማውስ ሁልጊዜ በደንብ ይመታል። ፓዱን አሥር ጊዜ በቀስታ ምቱ፣ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ የማኅደሩን መጠን እዩ። ገመዱን አልሰካም ካለ ውጡ። ውጭ ያለ ዘመድ ከገዛላችሁም ፈቃዱ በእናንተው ኢሜይል ይመዝገብ፤ በሌላ ሰው የመግቢያ ስም የተሰጠ ሶፍትዌር ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን የቀየረ ቀን ያበቃለታል።

ባለፈው ቅዳሜ በሱቁ ደጅ ሳልፍ አንድ ወጣት የድራም ዱላ በጀርባ ኪሱ ሸጉጦ ቆሞ ያዳምጣል። ሻጩ በማውሱ ስኔሩን ጠቅ ያደርግለታል። ገብቼ ለልጁ ልነግረው ስል ስልኩን አውጥቶ እየከፈለ ነበር።