በአሚዶ የደረቀ ስስ ጨርቅ «ሊነን» ተብሎ እየተሸጠ ስለሆነ ተጠንቀቁ

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ አካባቢ አዲስ ቤት ገብታችሁ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ ለምትገዙ ሁሉ ይህን የምጽፈው እኔ ላይ የደረሰው እናንተም ላይ እንዳይደርስ ነው። ለፋሲካ እንግዶች ብዬ ከአንድ የመንገድ ዳር ሱቅ የጠረጴዛ ልብስና ሁለት አንሶላ በ6,800 ብር ገዛሁ። ሻጩ «እህቴ፣ ንጹህ ሊነን ነው፤ ውፍረቱን በእጅሽ እዪው» አለኝ፤ ጨርቁም እንደ ወረቀት ቀጥ ያለና ሲታጠፍ ድምፅ የሚሰጥ ስለነበር አመንኩት።

ከበዓሉ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ስዘፈዝፈው ውሃው እንደ ሩዝ ቅቅል ነጣ፤ ተለቅልቆ ገመድ ላይ ሲሰጣ ደግሞ የጎረቤት አጥር በውስጡ ይታይ ነበር። ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን ወደ ብርሃን አንስተው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ የገዛሽው አሚዶውን ነው፤ ድርና ማጉ እኮ አልተጠጋጋም» አሉኝ። ከጫፉ ክር መዝዘው ሲያቃጥሉትም ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆነ፤ ይህም ፖሊስተር እንዳለበት አሳየን።

አሚዶ በራሱ ነውር የለበትም። ድር በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ በአሚዶ ይጠነክራል፤ በቤታችንም የጠረጴዛ ልብስ ቀጥ እንዲል እንጠቀምበታለን። በደሉ የሚመጣው በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት በአሚዶ ተሞልቶ ገዢው ያንን ጥንካሬ የጨርቁ ጥራት አድርጎ ሲከፍልበት ነው። እውነተኛው ሊነን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» ተብሎ የምናነበው ጨርቅ፣ ፍሬዋን ብቻ ከምናውቃት ከተልባ ግንድ የሚወጣ ጭረት ነው፤ ሲረጥብ ይበልጥ ይጠነክራል፣ ሲቃጠልም እንደ ወረቀት ነድዶ በጣት የሚፈርስ አመድ ይሆናል። በተፈጥሮው ቶሎ ስለሚጨማደድ፣ ሱቅ ውስጥ ተጨማድዶ ያያችሁትን በዚህ ብቻ አትናቁት።

ከመክፈላችሁ በፊት ጨርቁን በሁለት እጃችሁ አጥብቃችሁ እሹትና ነጭ ዱቄት ይረግፍ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ጫፉንም በውሃ አርጥባችሁ ይልፈሰፈስ ወይም ይጣበቅ እንደሆነ እዩ። በተመዘዘ ክር ላይ የአዮዲን ጠብታ ቢያርፍና ወደ ጥቁር ሰማያዊ ቢለወጥ አሚዶ አለ ማለት ነው፤ ሆኖም አዲስ ጨርቅ ከሽመናው የቀረ ጥቂት አሚዶ ሊኖረው ስለሚችል ይህ ብቻውን ማጭበርበርን አያረጋግጥም። ሻጩ ናሙና ማርጠብ ከከለከላችሁ ግን ትታችሁ ሂዱ።

የጨርቁ ዓይነት የተጻፈበት ደረሰኝም ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እኔ በ9ኛው ቀን ብመለስም፣ ደረሰኝ ስላልነበረኝ ሻጩ ጨርቁ ከእርሱ ሱቅ መውጣቱን ጭምር ካደኝ።