ካርትሬጅ፣ ታንክ ወይስ ሌዘር? ፕሪንተር ከመግዛትዎ በፊት ቀለሙን ያስሉ

ርካሹ ፕሪንተር ብዙውን ጊዜ ውሎ አድሮ ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚበላው ነው። ይህ ታስቦበት የተሠራ ነው። አምራቾች ማሽኑን በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጡና ትርፉን ከቀለሙ ይለቅማሉ። በወቅቱ የኤችፒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ኤንሪኬ ሎሬስ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በቴሌቪዥን ቀርበው፣ በቂ የማያትም ወይም የኩባንያውን ቀለም የማይጠቀም ደንበኛ ለእነሱ መጥፎ ኢንቨስትመንት እንደሆነ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። ዳፋው የሚተርፈው ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ማውጣት ለማይችለው ሰው ነው። አቅም ያለው ሰው ታንክ፣ ማለትም ቀለሙ ከጠርሙስ የሚሞላ ፕሪንተር፣ ገዝቶ ለዓመታት ቀለም ሳያስበው ይኖራል፤ የሌለው ርካሹን ወስዶ በየወሩ ይገብራል። ኢፍትሐዊነቱ እዚህ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። በወር 100 ገጽ የሚያትም ሰው በ3 ዓመት 3,600 ገጽ ያትማል። ለኤችፒ ዴስክጄት 2700 የሚገባው መደበኛው 305 ጥቁር ካርትሬጅ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ቀለም ይዞ 120 ገጽ ያትማል ይባላል፤ ስለዚህ 30 ካርትሬጅ ያስፈልጋል። ለታንክ የሚሆነው የኤፕሰን 103 ጥቁር ጠርሙስ 65 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ 4,500 ገጽ ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ታትሞም ይተርፋል። ለሌዘር የሚሆነው የብራዘር ቲኤን-2320 ቶነር (የዱቄት ቀለም) 2,600 ገጽ ነው፤ ሁለት ይበቃል። ቁጥሮቹ በፋብሪካ የሙከራ ገጽ የተለኩ ናቸው። ቶነር የሚለካው የገጹ 5 በመቶ ያህል ብቻ በጥቁር ተሸፍኖ ስለሆነ፣ ሥዕልና ጠቆር ያለ ሠንጠረዥ የሚያትም ሰው ግማሹንም ላያገኝ ይችላል። ለማወዳደር ግን ይበቃሉ፦ የማሽኑን ዋጋ በ3 ዓመት ከሚገዙት ቀለም ዋጋ ጋር ደምረው ለገጹ ብዛት ያካፍሉ። ሻጩ የማይነግርዎት ዋጋ ይህ ነው።

ካርትሬጅ

ብዙዎቹ ካርትሬጆች ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ቺፕ ተለጥፋለች። የቀለሙን መጠን ትናገራለች፣ ካርትሬጁ የማን እንደሆነም ታሳብቃለች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 በርካታ የኤችፒ ፕሪንተሮች ትናንት ሲቀበሉት የነበረውን የሌላ አምራች ካርትሬጅ በአንድ ቀን አልቀበልም አሉ፤ ምክንያቱ ቀደም ሲል በፈርምዌር (ማሽኑን በሚያሠራው የውስጥ ሶፍትዌር) የገባ ትእዛዝ ነበር። በጥር 2022 ደግሞ ቺፕ በዓለም ገበያ ሲጠፋ ካኖን ቺፕ የሌለው ቶነር ለመላክ ተገደደ፤ ማስጠንቀቂያውን እንዴት ማለፍ እንደሚቻልም ራሱ ለደንበኞቹ አስተማረ። ህትመቱ አልተበላሸም። ቺፕዋ ለህትመቱ ጥራት ናት ለሚሉት ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ካርትሬጅ የግድ ከሆነብዎ ማሽኑን በዩኤስቢ ያገናኙ፣ ዋይፋዩን ይዝጉ፣ አውቶማቲክ አፕዴቱን በመጀመሪያው ቀን ያጥፉ። ከኤችፒ ሞዴሎች በስማቸው መጨረሻ የእንግሊዝኛው «ኢ» ፊደል ያለባቸው ሲከፈቱ ኤችፒ ፕላስን ያቀርባሉ። አንዴ ከተቀበሉት ማሽኑ ሁልጊዜ ኢንተርኔትና የኩባንያውን ቀለም ብቻ ይጠይቃል፤ መመለሻ የለውም። በወርሃዊ ክፍያ የሚመጣ ካርትሬጅም ክፍያው ሲቋረጥ ቀለም ሞልቶት እያለ መሥራት ያቆማል።

ታንክ

ባለ ቀለም ገጽ በብዛት ለሚያትም ምርጫው ይህ ነው። ጠላቱ ሥራ መፍታት ነው፤ ለሳምንታት ከቆመ ኖዝሉ (ቀለም የሚረጭበት ቀዳዳ) ላይ ቀለም ይደርቃል፣ ጽሑፉም ነጭ መስመር ያወጣል። በሳምንት አንድ ባለ አራት ቀለም ገጽ ማተም ይበቃዋል። ከተዘጋ በመጀመሪያ የኖዝል መፈተሻውን ያትሙ፣ ሄድ ክሊኒንግ (ኖዝሉን የሚያጸዳውን የማሽኑን ትእዛዝ) አንዴ ወይም ሁለቴ ያድርጉ፣ ካልጠራ ለሰዓታት ያሳርፉትና ይድገሙ። አሥር ጊዜ ማከታተል ቀለም ማፍሰስ ነው። ታንኩ ከታችኛው መስመር በታች እንዲወርድም አይፍቀዱ፤ በቱቦው አየር ከገባ ለማውጣት ብዙ ቀለም ያልቃል።

በክሊኒንግ የወጣው ቀለም የሚሄደው ከማሽኑ ሥር ወዳለው ስፖንጅ ነው። ማሽኑ ስፖንጁን አይቶ አያውቅም፤ በግምት ይቆጥራል፣ ቆጠራው ሲሞላ ማተም ያቆማል። ብዙ ሰው ማሽኑ ሞተ ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው። መፍትሔው ስፖንጁን ቀይሮ ቆጣሪውን በሶፍትዌር ወደ ዜሮ መመለስ ነው። ቆጣሪውን ብቻ መልሰው ስፖንጁን ከተዉት ግን ቀለሙ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ሲገዙ ይህን ስፖንጅ የያዘ፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚቀይረው የጥገና ሳጥን ያለውን ሞዴል ይምረጡ።

ጥቁር ብቻ የሚያትም ሌዘር

ጽሑፍ ብቻ የሚያትም ሰው፣ በተለይ አልፎ አልፎ ከሆነ፣ ሌላ አይፈልግ። ቶነር ዱቄት ነው፤ ስድስት ወር ቢቆምም አይደርቅም። እንደ ቲኤን-2320 ባሉት ላይ ቺፕ የለም። ጎኑ ላይ ያለች የፕላስቲክ ጥርስ ዞራ ማሽኑን «አዲስ ነኝ» ትለዋለች። ዱቄት ሞልተው ጥርሷን ወደ መነሻዋ ከመለሱ ካርትሬጁ እንደገና ይሠራል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የመጀመሪያው ካርትሬጅ ብዙውን ጊዜ ጥርሷ የለውም። ለሞዴሉ የተሠራውን ዱቄት ብቻ ይጠቀሙ፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ከተለያየ ጽሑፉ በጣት ሲታሽ ይለቃል። የፈሰሰ ዱቄት በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሙቅ ውኃ ያጣብቀዋል፣ የቤት ቫኪዩም ደግሞ ደቃቁን መልሶ ወደ አየር ይበትነዋል።

ያገለገለ ሌዘር ብዙውን ጊዜ ከአዲስ ርካሽ ካርትሬጅ ማሽን ይሻላል፤ ገንዘብ ላጠረው ትክክለኛው መውጫ ይመስለናል። ከመክፈልዎ በፊት የቅንብር ገጹን አሳትመው የገጽ ቆጣሪውንና የድራሙን (ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈውን ሲሊንደር) ቀሪ ዕድሜ ይዩ። የቲኤን-2320 ማሽኖች ድራም 12,000 ገጽ ነው፣ ለብቻው ይቀየራል። ከዚያ አሥር ገጽ አከታትለው ያሳትሙ። ወረቀት ካልሳበ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመሳቢያው ጎማ አቧራ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ያስተካክለዋል። ጥቁር ነጥብ በየ94 ሚሊ ሜትር ከተደጋገመ ድራሙ ላይ የተጣበቀ ወይም የጫረው ነገር አለ፤ ካልጠራ የድራሙን ዋጋ ከሚከፍሉት ላይ ያስቀንሱ። ቶነሩ ትክክለኛው ሆኖ ጽሑፉ በጣት ከለቀቀ ግን የሚያቀልጠው ፊውዘር ተዳክሟል፤ የፊውዘሩ ጥገና ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ይተዉት።