የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አገልግሎት፦ የኤሌክትሪክ ኃይሉ አለ፣ ባቡሩ ያንሳል

በአዲስ አበባ ካሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች መካከል ለከተማዋ አየርም ለአገሪቱ የነዳጅ ወጪም የሚበጀው ቀላል ባቡሩ ነው፤ የሚሰጠው አገልግሎት ግን ሊሰጥ ከሚችለው በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለ ንጹሕ ትራንስፖርት ፖሊሲ ሲነገር ዛሬ ሁሉም የሚያነሣው የኤሌክትሪክ መኪናን ስለሆነ፣ ከብዙዎቹ መኪኖች በፊት በኤሌክትሪክ መሄድ የጀመረውን ይህን ባቡር በሚገባው ሚዛን ማየት ያስፈልጋል።

አገልግሎቱ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ምኒልክ አደባባይን ከቃሊቲ በሚያገናኘው መስመር ተጀመረ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ሁለተኛው መስመር በዚያው ዓመት ተከተለ። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 39 ጣቢያዎች ተሠርተው 41 ባቡሮች ገቡ። የመነሻው ታሪፍ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ስለነበር በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ሳይቀር ከከተማዋ ዳር እስከ ዳር ለመሄድ አቅም አገኘ።

ባቡሩ በራሱ አጥር በተከለለ ሐዲድ ስለሚሄድ፣ ከአያት እስከ መገናኛ ያለው መንገድ በመኪና በተዘጋበት ሰዓት እንኳ ጉዞው አይቆምም። ጭስ የለውም፤ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው በአንድ ጊዜ ይጭናል። 12 ሰው በሚጭነው ሚኒባስ ሲሰላ አንድ ሙሉ ባቡር የ25 ታክሲ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር ከጣቢያ መውጣት አያስፈልግም። በአንጻሩ አጥሩ ሠፈሮችን ለሁለት ከፍሎ እግረኛው ለመሻገር ረጅም መንገድ እንዲዞር አድርጎታል፤ ይህ ከንድፉ ጀምሮ ሊታሰብበት ይገባ የነበረ ጉድለት ነው።

የኃይል ብክነትን ነገር ስናነሣ የባቡሩ ብልጫ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር በከተማ ጉዞ ከነዳጁ ጉልበት አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል፤ በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ ሲያጓራ የሚያቃጥለው ደግሞ ጨርሶ ለምንም አይውልም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚያገኘው ኃይል ከ80 በመቶ በላይ ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ኢትዮጵያ ነዳጅን ሙሉ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ፣ ኤሌክትሪኳን ግን በአብዛኛው ከራሷ ወንዞች ታመነጫለች፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ችግሩ የኃይል እጥረት አይደለም።

ችግሩ ባቡሮቹ አለመሥራታቸው ነው። በመለዋወጫና መለዋወጫውን በሚያስገዛ የውጭ ምንዛሪ እጦት ምክንያት፣ ከ41 ባቡሮች ከግማሽ በታች ብቻ በሥራ ላይ የነበሩበት ጊዜ ረጅም ነው፤ ይህም በይፋ ሲነገር የቆየ እውነት ነው። ባቡር ሲያንስ የመጠበቂያ ጊዜ ይረዝማል፣ የሚመጣውም ከአቅሙ በላይ ይጨናነቃል፤ መጠበቅ ያልቻለው ተሳፋሪ በዚያው መስመር ጎን ለጎን በሚሄደው ናፍጣ በሚያጨስ ሚኒባስ ይሳፈራል። ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ተወጥሮ፣ ዕዳውም እየተከፈለ ሰው ወደ ነዳጅ ከተመለሰ፣ ከዚህ የከፋ ብክነት ለማሰብ ይቸግረኛል።

መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የታለመ ድጎማ አድርጓል፤ ለኤሌክትሪክ መኪኖች የተጨማሪ እሴት፣ የኤክሳይስና የሱር ታክስ ነጻነት ሰጥቷል፤ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ክልከላው ደፋር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የታክስ ነጻነቱ የሚጠቅመው መኪና የመግዛት አቅም ያለውን ነው፤ አንድ ሰው የያዘ የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን የሚይዘው የመንገድ ስፋት ቤንዚን ከሚነዳው አያንስም። ለባቡሩ መንኮራኩርና መለዋወጫ የሚመደብ የውጭ ምንዛሪ ግን በየቀኑ ጠዋት በየጣቢያው ለሚሰለፈው ሠራተኛና ተማሪ በቀጥታ ይደርሳል። የትኬቱ ዋጋ ዝቅተኛ ሆኖ የጥገናውን ወጪ ራሱ ባቡሩ እንዲሸፍን መጠበቅም አይቻልም፤ ዋጋው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ዝቅ ካለ ልዩነቱ በበጀት በግልጽ መያዝ አለበት።

አሁን ባለው ሁኔታ ከአያት፣ ከሲኤምሲ ወይም ከጉርድ ሾላ ወደ መገናኛና ወደ ስታዲየም ለሚሄድ ሰው፣ ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጪ ከሆነ ባቡሩን እመክራለሁ። በጥድፊያው ሰዓት ግን ሕፃን ላዘለች እናት ወይም ለአረጋዊ፣ በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች ቁጥር እስኪጨምር ድረስ፣ አውቶቡስ ይሻላል።