የአርሰናል አርማ፦ አሮጌው ወይስ አዲሱ?

ሐዋሳ ላይ ባጃጁን በአርሰናል አርማ ማስጌጥ የፈለገ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። በፈረንጆቹ ከ1949 እስከ 2002 ያገለገለውና አሁን ያለው።

መድፉ ሁለቱም ላይ አለ። ክለቡን በ1886 የመሠረቱት የዉልዊች ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸዋ!

አሮጌው ግርማ ሞገስ አለው። መድፉ ወደ ግራ ዞሯል፣ ስሙ በጎቲክ ፊደል ተጽፏል፣ ክለቡ የሚገኝበት የለንደኑ ኢዝሊንግተን አካባቢ አርማ አለበት፣ ከሥሩም ድል በስምምነት እንደሚገኝ የሚናገር የላቲን መፈክር። ግን በዛ። ስቲከሩ አነስ ሲል መፈክሩ የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለው።

አዲሱ ይህን ሁሉ አራገፈ። መድፉም ወደ ቀኝ ዞረ። ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አሮጌው ከየዘመኑ የተለቃቀመ ስለነበር ክለቡ በቅጂ መብት ሊያስከብረው አልቻለም። ማሊያ ሸጦ ለሚያድር ክለብ ይሄ ቀላል ራስ ምታት አይደለም።

ለሳሎን ግድግዳ አሮጌውን እመርጣለሁ፤ ቁጭ ብለው የሚያዩት ነገር ነው። ለባጃጅ ግን አዲሱ፤ እየበረረ ቢያልፍም ይለያል። በ2024/25 ማሊያዎቹ ላይማ መድፉ ብቻውን ቀረ፤ ጋሻም የለ፣ ስምም የለ። ለባጃጅ ቀቢ ከዚህ የቀለለ ሥራ ከየት ይመጣል?