«አብሽር» የማይሉት ጠበቃ

ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በእጄ ያላለፈ የክስ ዓይነት የለም ብዬ አስብ ነበር። መሬት፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ የመኪና አደጋ። የወታደር ክስ ግን ወላሂ አንድም ቀን ኮፒ አድርጌ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ ሲከሰስ የማውቃቸው ጠበቆች ሁሉ ጠፉብኝ።

ልጁ ለእናታችን ለቅሶ የአሥር ቀን ፈቃድ ይዞ መጣ። ታይፎይድ ጣለው። ወደ ጦር ክፍሉ የተመለሰው 19 ቀን አሳልፎ ነው። ኮብልሏል ተባለ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጠበቃ፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ ወረቀት ሳያይ «አብሽር! ኮሎኔሉን አውቀዋለሁ» አለኝ። 40,000 ብር፣ ግማሹ አሁኑኑ። ውል እንጻፍ ስለው «በወንድማማች መሀል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» አለ። በወረቀት የምኖር ሰው ነኝ እኮ! ጥዬው ወጣሁ። ለፋይል መክፈቻ የሰጠሁት 3,000 ብር እዚያው ቀረ።

ሁለተኛውን የጠቆመኝ ደጃፌ ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ ነው። ፒያሳ፣ ደረጃው የሚንቋቋ ፎቅ ላይ ናቸው። ሸምገል ያሉ ሰው። «ልጄ፣ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የቆምኩት ሁለቴ ብቻ ነው» ሲሉኝ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ከዚያ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አወጡ፤ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል። አንቀጽ 288ን ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። መኮብለል የሚባለው ከአገልግሎት ለማምለጥ ታስቦ ሲሆን ነው። ሐሳቡ ከሌለ ቀጥሎ ያለው፣ ቀለል የሚለው አንቀጽ አለ። «ሥራችን ሐሳቡን ማፍረስ ነው» አሉ።

የፈቃድ ወረቀቱን ጠየቁ። ለአለቃው የደወለበትን ቀን ጠየቁ። የሐኪም ማስረጃውን ወደ መስኮቱ ያዝ አድርገው አዩት። ከሆስፒታል የወጣበት ቀን ላይ ማኅተም አርፎበት አይነበብም። «ሂድና አስቀይረው» ብለው መለሱልኝ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳገላብጥ የምውለው ሰውዬ አላየሁትም!

ውሉ በጽሑፍ፣ ክፍያው በሦስት ጊዜ ሆነ። ቀዳሚው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቢፈርድበት ይግባኝ ሰሚው እንዳለ፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ከተገኘም ጉዳዩ ፌዴራል ሰበር ድረስ እንደሚሄድ አስረዱኝ። ሳልጠይቃቸው የፌዴራል የጥብቅና ፈቃዳቸውን አሳዩኝ። የክልል ፈቃድ ብቻ ያለው ጠበቃ ሰበር ላይ አይቆምልህም ነው ነገሩ።

ስልክ አያነሱም፤ ይህ ያናድዳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካልያዛችኋቸው ቀኑ አለቀ። እህቴ ደግሞ «አንዴ እንኳ አብሽሩ ቢሉን ምናለ!» እያለች ታማቸዋለች።

ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው። አዲሱን የሐኪም ወረቀት አምስት ኮፒ አድርጌ አስቀምጫለሁ።