ባለ ሁለት ማይኩ የካራኦኬ ስፒከር፦ ሞከርኩት

ለእህቴ ልደት ብዬ ከመርካቶ ባለ ጎማ የካራኦኬ ስፒከር ገዛሁ፣ ሁለት ገመድ አልባ ማይክ አለው። ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ይላል። እንዳታምኑት! እንዲህ ያለው ቁጥር ቢበዛ ለቅጽበት የሚደረስበት ጣሪያ ነው፤ እናንተ «አርኤምኤስ» (RMS) የሚለውን፣ ማለትም ስፒከሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ፈልጉ፣ ካልተጻፈ ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ በጆሯችሁ ስሙት። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን እውነተኛ 40 ዋት ይበቃል፣ ጎረቤትም እኮ አለ።

ባሱ አሪፍ ነው። መብራት ሲጠፋም በባትሪው ቀጠልን፣ በዚህ ብቻ እንኳ ገንዘቤን አልቆጨኝም። ማይኮቹ ግን አናደዱኝ። አንዱ ገና ኬኩ ሳይቆረስ ይቆራረጥ ጀመር፣ ሌላው ደግሞ አክስቴ ትዝታዋን ይዛ ወደ ስፒከሩ በተጠጋች ቁጥር ሲጮህ ጆሯችንን በጠሰው። ይሄኛው እንኳ የዕቃው ጥፋት አይደለም። ማይክ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲቀበል ይጮሃል፣ ስለዚህ ዘፋኙ ከስፒከሩ ፊት አይቁም፣ ኤኮውንም ቀነስ አድርጉት።

ማይኩ በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ድምፃችሁ ዘግይቶ ስለሚወጣ ከዜማው ጋር ትጣላላችሁ። ዩኤችኤፍ (UHF) በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው፣ የራሱ መቀበያ ያለው ይሻላል፤ ባለ ገመዱ ደግሞ ርካሽም አስተማማኝም ነው።

ዘፈኑን ከዩቲዩብ ነው የምናወጣው። የአማርኛ ክላሲካል ሞልቷል፣ ግጥሙ አብሮ የሚጻፍለት ግን ብዙም አላገኘሁም፣ እኛም ግማሹን በ«ላላላ» ሞላነው።